አዲስ ተጋቢ ሚሲዮናውያንና የንጹህ ውሃ ሥራ

ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የተነሣው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እስያ፣ ወደ አፍሪካና ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ሲስፋፋ፣ ከላካቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሠርጋቸው ወሬ ገና ያልበረደላቸው ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። አሜሪካዊው አዶኒራም ጀድሰን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1812 አን ሃሰልታይንን አግብቶ በዚያው ወር በ19ኛው ቀን ወደ እስያ በመርከብ ተነሣ፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ጊብሰን ፔተንም እ.ኤ.አ. በ1858 ሜሪ አን ሮብሰንን ባገባበት በኤፕሪል ወር ውስጥ ወደ ደቡብ ፓስፊክ ጉዞውን ጀመረ። ላኪዎቹ ማኅበራት ጥንዶችን የሚመርጡበት ምክንያት ነበራቸው፤ ትዳር የያዘ ሰው በሚሄድበት አገር በጥርጣሬ እንደማይታይ፣ ሚስቱም ወንድ በማይገባበት ጓዳ ገብታ ከሴቶች ጋር እንደምትነጋገር ያምኑ ነበር። ይህ ልማድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሥርዓት ጋር ሲተያይ ግን እንግዳ ነገር አለው፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 5 የተደነገገው ሕግ አዲስ ሙሽራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻና ከማናቸውም ግዳጅ ነጻ ሆኖ በቤቱ እንዲቀመጥ ሲያዝዝ፣ የሚሲዮን ማኅበራት ግን ብዙውን ጊዜ ወጣቶቹን ያዘመቱት በዚያው ዓመት ነበርና።

ጥንዶቹ በደረሱበት ሁሉ ከስብከት፣ ከትምህርትና ከሕክምና ጎን ለጎን የውሃ ጉዳይ ይጠብቃቸው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ንጹህ ውሃ ማቅረብ ከክርስቲያናዊ የልማት ሥራዎች ዋነኞቹ አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት ክትትል፣ ደህንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ የቀረበ የመጠጥ ውሃ የሚባለው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ በሚፈለግበት ሰዓት የማይታጣ፣ ከዓይነ ምድር ብክለትና ከጎጂ ኬሚካሎችም የጸዳ ውሃ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎቱን ያላገኘው ሕዝብ 2.2 ቢሊዮን ነበር። ይህ ምዕራፍ ሚሲዮናውያን በዚህ መስክ ያለፉባቸውን ጥቂት መንገዶች እየመረመረ፣ የውሃ ሥራ የሚፈተነው ውሃው ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት በመሆኑ አዲስ ተጋቢዎች ለሥራው የሚያበረክቱት ትልቁ ሀብት የሚቆዩበት ጊዜ መሆኑን፣ ያም ጊዜ ጥቅም የሚሰጠው ዕውቀቱና ኃላፊነቱ ወደ አገሬው እጅ እስከ ተሸጋገረ ድረስ ብቻ መሆኑን ያስረዳል።

የአኒዋ ጉድጓድ

ፔተንና ባለቤቱ ሜሪ አን ያረፉት ዛሬ ቫኑዋቱ በሚባለው፣ ያኔ ግን ኒው ሄብሪዲስ ተብሎ በሚታወቀው የደሴቶች ክምችት ውስጥ በምትገኘው ታና ደሴት ላይ ነበር። የገቡት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1858 ሲሆን፣ ገና አራት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 1859፣ ሜሪ አን ከወለደች በኋላ በትኩሳት ሞተች፤ ጨቅላውም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ይህ በዚያ ዘመን ብርቅ የሆነ መከራ አልነበረም፤ የአገሩን አየር፣ በሽታውንና ጤናማውን የመኖሪያ ስፍራ ለይተው ሳያውቁ የደረሱ ሙሽሮች የመጀመሪያውን እርግዝና ከመጀመሪያው የወባ ወቅት ጋር አንድ ላይ ይጋፈጡት ነበርና። ፔተን እ.ኤ.አ. በ1862 ታናን ለቆ ከወጣ በኋላ በ1864 ማርጋሬት ኋይትክሮስን አገባ፤ ባልና ሚስቱም በ1866 ከታና ብዙም በማትርቀው በአኒዋ ደሴት ሰፈሩ።

አኒዋ ከባሕር በላይ ብቅ ካለ የኮራል ዓለት የተሠራች ዝቅተኛ ደሴት ናት። ኮራል በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት የኖራ ቅሪት ተጠራቅሞ የሚፈጥረው ቀዳዳማ ዓለት ስለሆነ የዘነበው ዝናብ በላዩ ላይ አይቆይም፤ በዚህም ምክንያት በደሴቲቱ ላይ ወንዝም ምንጭም አልነበረም፤ ሕዝቡም ጥሙን የሚቆርጠው በአብዛኛው በኮኮናት ውሃና ባጠራቀመው ዝናብ ነበር። ፔተን ጉድጓድ ለመቆፈር ሲነሣ ናማኬይ የተባለው የአካባቢው አለቃ ሚሲዮናዊው አእምሮው የተነካ መሰለው፤ በእርሱ ዕውቀት ዝናብ ከላይ እንጂ ከታች አይመጣም፤ ወደ ታች የሚቆፍር ሰውም መጨረሻው ባሕር ውስጥ ወድቆ የሻርክ ሲሳይ መሆን ነበር። ፔተን ለተወሰነ ባልዲ አፈር አንድ የዓሣ መንጠቆ እየከፈለ ሰዎችን አሠራ፤ ጉድጓዱ 12 ጫማ ያህል እንደ ደረሰ ግን አንደኛው ጎን ሌሊት በመደርመሱ ማንም ሰው ደግሞ ወደ ውስጥ አልወርድም አለ፤ ከዚያ በኋላ ሚሲዮናዊው ራሱ እየወረደ ይቆፍር፣ ሰዎቹም አፈሩን በገመድና በመዘውር እየጎተቱ ያወጡ ጀመር። በ30 ጫማ፣ ማለትም በ9 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የሚጠጣ ውሃ ብቅ አለ።

የውሃው መገኘት ዛሬ በሚታወቀው ሳይንስ በቀላሉ ይብራራል። በደሴት ላይ የሚዘንበው ዝናብ በዓለቱ ቀዳዳዎች ሰርጎ ከባሕሩ የገባውን ጨዋማ ውሃ ያገኘዋል፤ ንጹሁ ውሃ ከጨዋማው የሚቀልል በመሆኑም ዘይት በውሃ ላይ እንደሚሰፍፍ በላዩ ይቀመጥና መሐሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ስስ የሆነ ክምችት ይሠራል። ሆላንዳዊው ባዶን ጊበንና ጀርመናዊው ሄርዝበርግ ከፔተን ጉድጓድ በኋላ በየፊናቸው ባስቀመጡት ስሌት መሠረት፣ ንጹሁ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ባለበት ቦታ ከባሕር ወለል በታች ወደ 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ክምችቱ ስስ በሆነበት የቆፈረ ወይም ከመጠን በላይ የቀዳ ሰው ግን የሚያገኘው ጨው ነው። የአኒዋ ሰዎች የፔተንን አርአያ ተከትለው በሌሎች ቦታዎች ስድስት ሰባት ጉድጓድ ቢሞክሩም አንዳንዱ ከማይበገር ዓለት፣ አንዳንዱም ከጨዋማ ውሃ ላይ ጣላቸው። የፔተን ጉድጓድም ቢሆን ከባሕሩ መሙላትና መጉደል ጋር ከፍ ዝቅ የሚልና በመጠኑ ጨው ጨው የሚል ነበር፤ ቤተሰቡ ጣዕሙን ከመልመዱ የተነሣ ፔተን በመርከብ ላይ ጨው የሌለበት ውሃ ሲያገኝ ሻዩ ውስጥ ከስኳሩ ጋር ጥቂት ጨው ጣል እስከማድረግ መድረሱን ጽፏል።

ለደሴቲቱ ሰዎች ውሃው ከምድር መውጣቱ የተአምር ያህል ነበር፤ ናማኬይም ይህንኑ በሕዝቡ ፊት መስክሮ ብዙዎች ጣዖቶቻቸውን ጣሉ። ለውሃ ሥራ ታሪክ የሚተርፈው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈው በቆፋሪው ዕድል እንጂ በጥናት አልነበረም፤ ሰዎቹ ሥራውን በዓይናቸው አይተው በገዛ እጃቸው ቢሞክሩትም፣ ስለ ቦታ አመራረጥ የሚያስተምራቸው ዕውቀት ከሚሲዮናዊውም ዘንድ ስላልነበረ፣ ደሴቲቱ በአንድ ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ከሕንድ መንደሮች የተገኘው ትምህርት

ከመቶ ዓመት በኋላ የሚሲዮን የውሃ ሥራ የተፈተነው በሕንዷ የማሃራሽትራ ግዛት ነበር። አካባቢው በጥንት ዘመን ፈስሶ በረጋ እሳተ ገሞራ፣ ማለትም ባዛልት በሚባለው ጥቁር ዓለት የተሸፈነ ስለሆነ፣ በእጅ የሚቆፈሩት ሰፋፊ ጉድጓዶች በድርቅ ጊዜ ይነጥፋሉ፤ ጥልቁን ውሃ ለማግኘት ዓለቱን በታመቀ አየር በሚሠራ መሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ በጃልናና በሾላፑር ከተሞች የነበሩ የሚሲዮን የውሃ ቡድኖች ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል ናቸው። ውሃው ተገኘ፤ ችግሩ ግን ማውጫው ላይ ነበር። በየጉድጓዱ አፍ የሚተከለው የእጅ ፓምፕ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የእርሻ ቤቶች የተቀዳ፣ አንድ ቤተሰብ በቀን ጥቂት ጊዜ እንዲጠቀምበት የታሰበ፣ ከቀለጠ ብረት የተቀረጸ ሥሪት ሲሆን፣ በሕንድ መንደር ግን ከንጋት እስከ ምሽት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ስለሚፈራረቁበት መገጣጠሚያው ቶሎ ይላላል፣ እጀታው ይሰበራል፤ መንደሩም ወደ ቀድሞው ኩሬ ይመለሳል።

በጃልናና በሾላፑር የተገኘው መፍትሔ ከሚሲዮናውያኑና ከአካባቢው መካኒኮች የዕለት ተዕለት ጥገና የመነጨ ነበር። ፓምፑ ቀልጦ በተቀረጸ ብረት ፈንታ በተበየደ ብረት ተሠራ፤ እጀታው በታሸገ ኩሽኔታ ላይ እንዲዞር ተደረገ፤ እጀታውና ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ አጭር ሰንሰለት ገባበት። ይህች ሰንሰለት የፓምፑን ዕድሜ ከወሰኑት ነገሮች አንዷ ናት፤ የእጀታው ጫፍ እንደ ቅስት ተጠማዝዞ ሰንሰለቱ በላዩ ስለሚጠቀለል፣ እጀታው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ዘንጉ ወደ ጎን ሳይገፋ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤ በዚህም መፋተጉና መሰበሩ ይቀንሳል። የሾላፑሩ ፓምፕ በ1970ዎቹ የሕንድ መንግሥት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ለሠሩት ኢንዲያ ማርክ ሁለት ለተባለው የእጅ ፓምፕ መሠረት ሆነ፤ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስም አምስት ሚሊዮን ያህል ፓምፖች ተመርተው በዓለም ዙሪያ ተሠራጭተዋል። በኢትዮጵያ ገጠርም ይህ ፓምፕ አፍሪዴቭ ከተባለው ሌላው የእጅ ፓምፕ ጋር በሰፊው ይታወቃል።

ጠንካራ ፓምፕ ማግኘት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ለመረዳትም ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በማርክ ሁለት ውስጥ ውሃውን የሚገፋው ፒስተን ዙሪያውን በቆዳ፣ በኋላም በጎማ በተሠራ ማኅተም የታሸገ ሲሆን፣ ይህ ርካሽ ዕቃ ሲያልቅ ለመቀየር ከጉድጓዱ ውስጥ የተያያዘውን ቧንቧ ሁሉ መንቀል ያስፈልጋል፤ ለዚህም መኪና፣ ከባድ መሣሪያና ብዙ ሰው ይጠይቃል። በ1980ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ ባካሄዱት የእጅ ፓምፕ ፕሮጀክት ጎልቶ የወጣው ሐሳብ ይህን የሚመለከት ነበር፤ ፓምፕ ማለት የመንደሩ ሰው በጥቂት ቀላል መፍቻዎች ራሱ ሊጠግነው የሚችል፣ መለዋወጫውም በአካባቢው ገበያ የሚገኝ መሆን አለበት የሚል ነው። አፍሪዴቭም ሆነ ከማርክ ሁለት በኋላ የመጣው ማርክ ሦስት ቧንቧው ሳይነቀል ፒስተኑ ብቻውን ተስቦ እንዲወጣ ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ በውሃ ሥራ የተሠማራ ሚሲዮናዊ የሚጠየቀው ጉድጓድ መቆፈሩን ብቻ ሳይሆን የውሃ ኮሚቴው በየወሩ የሚሰበስበው መዋጮ የት እንደሚቀመጥ፣ መፍቻው ማን እጅ እንዳለ፣ ማኅተሙም በየትኛው ሱቅ እንደሚሸጥ ነው።

ማጣሪያው በጓዳ

ከጉድጓዱ ንጹህ ሆኖ የወጣ ውሃ በመንገድና በቤት ውስጥ እንደገና ሊበከል ይችላል፤ ያልታጠበ ጀሪካን፣ ክዳን የሌለው እንስራ፣ ልጆች እጃቸውን እየነከሩ የሚቀዱበት ጣሳ የጉድጓዱን ልፋት ከንቱ ያደርጉታል። ይህን ለመከላከል ከተስፋፉት ዘዴዎች አንዱ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበሩት በዴቪድ ማንዝ በ1990 ገደማ የተቀረጸው የባዮሳንድ ማጣሪያ ነው። ሥሩ የቆየ ነው፤ በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ ጆን ጊብ በ1804፣ በለንደን ደግሞ ጄምስ ሲምፕሰን በ1829 ውሃን ቀስ እያሉ በአሸዋ ውስጥ በማሳለፍ ማጣራት ጀምረው ነበር፤ በ1892 ሐምቡርግ ከተማን የኮሌራ ወረርሽኝ ሲያጠቃ፣ ከዚያው ወንዝ እየቀዳች ግን በአሸዋ የምታጣራው አጎራባቿ አልቶና በአመዛኙ በመትረፏ የማጣሪያው ጥቅም በግልጽ ታይቷል።

የማንዝ አዲስ ሐሳብ ያለማቋረጥ ይሠራ የነበረውን የከተማ ማጣሪያ አንድ ቤተሰብ በፈለገው ሰዓት ወደሚጠቀምበት የኮንክሪት ሣጥን ማሳነስ ነበር። ሣጥኑ ከታች በጠጠር፣ ከላይ በተነፋና በታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይሞላል፤ መውጫ ቧንቧው ከአሸዋው ከፍ ብሎ ስለሚታጠፍ፣ ማጣሪያው ባልተጠቀሙበት ጊዜ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ከአሸዋው በላይ ይቀራል። በዚህ ውሃ ሥር ባለው የአሸዋው ገጽ ላይ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ እነዚህም በሽታ አምጪ ጀርሞችን ይመገባሉ። ሽፋኑ ተሠርቶ እስኪደረጅ እስከ አንድ ወር ይፈጃል፤ ውሃው ከደረቀበት ይሞታል፤ አሸዋው ሲደፈንም የቤቱ እመቤት የላይኛውን ውሃ በእጇ በእርጋታ አማስላ ድፍርሱን ቀድታ ትደፋዋለች እንጂ አሸዋውን አታወጣውም። እንዲህ ያለው ዕውቀት በአንድ ቀን ሥልጠና ከልብ የሚገባ አይደለም፤ ቤት ለቤት እየተዞረ ማጣሪያው እንደ ምግብ ዕቃ መያዙን ማየት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን፣ መነሻዋ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አዲስ አበባ የገባው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሥራ ሲሆን፣ ሳማሪታንስ ፐርስ ከተባለው ድርጅት የካናዳ ቅርንጫፍ ጋር በመተባበር ይህንኑ ማጣሪያ በገጠር ቤቶች አዳርሳለች። የዚህ ምሳሌ ጥቅሙ ሥራው ከውጭ ከመጡ ሚሲዮናውያን ወጥቶ በአገሬው ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል መመራቱ ነው፤ ሣጥኑን የሚያፈስሱት፣ አሸዋውን የሚነፉት፣ ቤተሰቡን የሚያስተምሩትም ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡ ሰዎች ናቸው።

ጠርቶ የሚጎዳ ውሃ

ጀርም የሌለበት ውሃ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚሟሟ ፍሎራይድ በብዛት ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በላይ የሆነ ውሃ በልጅነት ሲጠጣ ጥርስን ያዥጎረጉራል፣ በጣም በዝቶ ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ አጥንትን ያደነድንና ጀርባን ያጎብጣል። በኬንያ የናኩሩ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በዚህ ላይ የሠራው ሥራ ይጠቀሳል፤ የእንስሳት አጥንት አየር በተቀነሰበት ምድጃ ተከስሎና ተፈጭቶ ፍሎራይዱን የሚስብ ማጣሪያ ይሆናል። ኢትዮጵያም ውስጥ በመቂና በዝዋይ አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ይህን ችግር ያውቁታል፤ የአጥንት ከሰልም ሆነ አልሙምና ኖራ የሚጠቀመው፣ ስሙን ከሕንዷ ናልጎንዳ ያገኘው ዘዴ ተሞክረዋል። እዚህ ላይ ኬሚስትሪ የማይመልሰው ጥያቄ ይነሣል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ በማይበላበት አገር የማን አጥንት ነው ተከስሎ ውሃው የሚጣራበት ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ የሚሰማው ደግሞ ከጎረቤት ቡና ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ጎጆ፣ ቋንቋና የመቆያ ዘመን

አዲስ ተጋቢዎች ወደ ውሃ ሥራ ሲገቡ የሚጠቅማቸውም የሚጎዳቸውም ይኸው አዲስነታቸው ነው። በብዙ የገጠር ማኅበረሰብ ውሃ የምትቀዳው ሴት ናት፤ የውሃ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ግን ወንድ ነው። ስለዚህ ባል ከሽማግሌዎች ጋር ስለ ቦታና ስለ መዋጮ ሲነጋገር፣ ሚስት ከቀጂዎቹ ጋር ወደ ምንጩ ብትወርድ አንዱ ስብሰባ የማያወጣውን ነገር ትሰማለች፤ ፓምፑ ለአጭር ልጅ እንደማይደርስ፣ መንገዱ በማታ እንደሚያስፈራ፣ ወይም ሊከደን የታሰበው ምንጭ ጸበል ስለሆነ ማንም በሲሚንቶ እንዲነካው እንደማይፈለግ። ይህ ግን የሚሆነው ቋንቋው ሲታወቅ ነው፤ ቋንቋ ለመማር አንድ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ሁለቱ ወጣቶች እርስ በርስም ገና እየተላመዱ፣ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያ ልጃቸውን እየጠበቁ ናቸው። ሥራ የሚያስተምሩ ሳይሆን ሥራ የሚማሩ መሆናቸውን የላካቸው ማኅበር ካልተቀበለው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በችኮላ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ያልቃሉ።

ለችኮላው የሚገፋፋ ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ሚሲዮናውያን የሚተዳደሩት በአገራቸው ያሉ ምእመናን በየወሩ በሚሰጡት መዋጮ ስለሆነ፣ የሥራቸውን ፍሬ በደብዳቤና በፎቶግራፍ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ተመርቆ ውሃ የሚተፋ አዲስ ጉድጓድ ፎቶ ይሆናል፤ በአምስተኛው ዓመት ማኅተሙ የተቀየረለት ፓምፕ ግን ለፎቶ አይመችም። ለጋሹ የሚደሰትበትና መንደሩ የሚኖርበት ነገር እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ ሁለቱን ማስታረቅ የላኪው ማኅበር ኃላፊነት ሲሆን፣ ሪፖርቱ ከተቆፈሩት ይልቅ ዛሬም የሚሠሩትን ጉድጓዶች እንዲቆጥር ማድረግ አንዱ መንገድ ነው።

ውሃና ወንጌል

በአኒዋ ጉድጓዱና ስብከቱ አንድ ላይ ሄደዋል፤ ዛሬ ግን ክርስቲያናዊ ድርጅቶች የሚመሩበት ደንብ ሁለቱን ይለያል። ካሪታስ ኢንተርናሲዮናሊስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከሌሎች ጋር ሆነው በ1994 ያወጡት የቀይ መስቀልና የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ያዝዛል። ደንቡ በመጀመሪያ ለአደጋ ጊዜ እርዳታ የተጻፈ ቢሆንም ለውሃ ሥራ ያለው አግባብነት ግልጽ ነው፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው እምነቱ ሊጠየቅ አይገባም፤ የውሃ ኮሚቴው አባላትም ከአንድ ጉባኤ ብቻ መመረጥ የለባቸውም። ይህን መጠበቅ የሚሲዮናዊውን እምነት አያሳንሰውም፤ ጉድጓዱ የሁሉም ካልሆነ ግን ሲበላሽ የሚጠግነው አይኖርም፤ ከመዋጮው የተገለለው ወገን ለጥገናው ግዴታ አይሰማውምና።

እነዚህ ምሳሌዎች ተደምረው ሲታዩ የጥንዶቹ ስኬት የሚለካበት መስፈርት ይገለጣል። ፔተን ውሃ አግኝቶ የቦታ አመራረጥ ዕውቀት አላወረሰም፤ የማሃራሽትራ ቡድኖች ግን ፓምፑን ለመካኒኮችና ለመንግሥት አስረክበው ከሄዱ በኋላም ሥራቸው በሚሊዮኖች ተባዝቷል፤ የቃለ ሕይወቱ ማጣሪያም ሚሲዮናዊው ባይኖርም የሚቀጥለው አሠሪውም ሠሪውም የአገሩ ሰው ስለሆነ ነው። ስለዚህ በሙሽርነት ዘመኑ ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ጥንድ ከሁሉ በፊት ሊያቅደው የሚገባው የሚወጣበትን ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት ማን ፓምፑን ይጠግናል፣ ማን መዋጮውን ይይዛል፣ ማን የውሃውን ንጽሕና ይመረምራል የሚሉት ጥያቄዎች በስም የሚመለሱ ከሆነ ሥራው ተጠናቋል፤ ካልሆነ ግን ጉድጓዱ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ገና አልተጀመረም።